መጋረጃ የታሰረባቸው ዛፎች

ትናንት አንዲት ሴት ከሳዲያት ደሴት ያስጫነችውን የምግብ ጠረጴዛ አቡዳቢ ባለው ሱቄ በር ላይ አስወርዳ «የድሮ ነው፣ ጠንካራ እንጨት ነው» አለችኝ። ሻጭ ሁሉ እንዲህ ይላል፤ እኔም ስሸጥ የምለው ይህንኑ ነው። ጠረጴዛውን ገልብጬ ቀለም ያልነካውን የሆዱን ክፍል በቢላ ጫፍ ትንሽ ፋቅ አደረግሁት። ሽታው መጣ። የተቆላ ሽምብራ ከርጥብ አፈር ጋር የተቀላቀለ የሚመስል፣ ለስላሳ፣ አፍንጫ ላይ ሳይሆን ጉሮሮ ሥር የሚቀመጥ ሽታ። ሴትዮዋ ዋጋ እየጠራች ነበር፤ አልሰማኋትም። ነጋዴ የሻጩን የመጀመሪያ ዋጋ ካልሰማ ታሟል ማለት ነው። እኔ ግን አልታመምኩም፤ ሐሳቤ አል አይን ከተማ ሄዶ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የተማርኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው፤ ሚስማር እያቃናሁ፣ የተሰበረ በር ከተሰበረ መስኮት እየለየሁ። አቡዳቢ ከገባሁም በኋላ ሥራዬን አልቀየርኩም፤ ዕቃው ብቻ ነው የተቀየረው። ወረርሽኙ ሲመጣ አል ሪም ደሴት ባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖር ሰው ሥራውን እያጣ ሁለት ሻንጣ ይዞ ወደ አገሩ መሄድ ጀመረ። አልጋ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። እኔ የምኖረው ሻንጣ ውስጥ በማይገባው ነው። ማስኬን አጥልቄ በዕቃ ሊፍት እየወጣሁ ሶፋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ መጋረጃውን ሳይቀር በአንድ ቃል ዋጋ ጠርቼ አወርድ ነበር። የሚያለቅሱ ነበሩ። አብሬያቸው አዝኛለሁ፤ ዋጋ ግን አልጨመርኩም። ምን ዓይነት ልጅ እንደነበርኩ ከወዲሁ እንድታውቀው ብዬ ነው።

አንድ ቀን አል አይን፣ አል ጂሚ ሰፈር ውስጥ ሊፈርስ ያለ ቪላ አለ፣ በሮቹ ጥሩ ናቸው ተባልኩና በጠዋት ፒካፔን አስነስቼ ሄድኩ። በሮቹን ሳላይ መንገዱ ተዘጋ። ከከተማ ከተማ መንቀሳቀስ ተከለከለ፤ ፖሊሱም በጨዋ ደንብ «ባለህበት ቆይ» አለኝ። የሰው ሶፋና የሰው መጋረጃ እንደጫንኩ ባለሁበት ቆየሁ። ሁለት ሌሊት መኪና ውስጥ ካደርኩ በኋላ አንድ ሾፌር፣ የወሎ ልጅ፣ አዘነልኝና ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። «ከከተማ ወጣ ብሎ እርሻ የሚጠብቁ ሽማግሌ አሉ፤ የአገር ሰው አይመልሱም» አለኝ።

ሽማግሌው የደሴ ዙሪያ ሰው ነበሩ። በሂና የቀላ ጺም፣ ከጉልበት በላይ ያጠረ ሽርጥ፣ እጃቸው ላይ ገጀራ። ከብረት በሩ ማዶ ቆመው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ትኩሳት አለህ?»

«የለኝም አባባ።»

«ውሸትስ?»

«እሱ ሥራዬ ነው።»

ሳቁና በሩን ከፈቱት። «ግባ። ያመነ ይሻላል።»

ሽማግሌው በአገራቸው ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ደን ሲሠሩ ኖረዋል። ዋንዛውን፣ ወይራውን፣ ጽዱን እያዩ የቱ ለመጋዝ ይድረስ፣ የቱ ይቆይ ብለው የሚለዩት እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ እዚህ ሰው ቤት ትሠራ የነበረች ልጃቸው ለማዳሟ ነግራ አስመጣቻቸው። የማዳሟ አባት ነበር የእርሻው ባለቤት። አርባብ ነበር የምንለው፤ በዚያ አገር የእርሻ ጌታ እንዲያ ነው የሚጠራው። አርባቡ በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር ሆኖ ከተምሩ ጀርባ ደን ተክሎ ነበር። ደን ስልህ የአገራችንን ደን እንዳታስብ። አሸዋ ላይ በረድፍ በረድፍ የቆመ ዛፍ ነው፤ ጥቂቱ ኒም፣ የሚበዛው ሺሻም። ሺሻም ከፓኪስታንና ከህንድ የመጣ ጠንካራ እንጨት ነው፤ አናጢ ሲያየው ምራቁን ይውጣል። ከውጭ እሳት የሚነድ አሸዋ አልፈህ እዚያ ጥላ ሥር ስትገባ አንድ ሰው እርጥብ ጨርቅ ግንባርህ ላይ ያደረገልህ ይመስልሃል። ከሩቅ ፓምፑ ዱክ ዱክ ይላል። ኒሙ ሲያብብ አየሩ ማር ማር ይሸታል።

ችግሩ ፓምፑ ጋ ነበር። የጉድጓዱ ውሃ ወርዶ፣ የቀረውም ጨው ጨው ማለት ጀምሯል። ለሁሉም ዛፍ አይበቃም። «ከፊሉ ካልሄደ በጋው ሁሉንም ይወስዳል» ይሉ ነበር ሽማግሌው። አርባቡ የመቁረጥ ፈቃድ አውጥቷል፤ ማን ይሂድ ማን ይቆይ የሚለውን ለሽማግሌው ትቶታል። ይህን ስሰማ አንገቴ ቀና አለ። እንጨት፣ ያውም ሺሻም፣ ያውም የሚያነሳው ያጣ! በማግስቱ አርባቡ መኪናው ውስጥ ሆኖ መስታወቱን ገርበብ አድርጎ አናገረኝ። ቆራጮች እኔ አመጣለሁ፣ ግንዱን እኔ አነሳለሁ፣ ቦታውን አጽድቼ አስረክባለሁ፣ የተቆረጠው ለእኔ አልኩት። «ኸላስ» አለ፤ አለቀ፣ ተስማማን ማለቱ ነው። ከሽማግሌው ሌላ ማንም ዛፍ እንዳይመርጥ ግን አስጠነቀቀኝ።

በማግስቱ ፀሐይ አሸዋውን ሳታግል ሽማግሌው ጠሩኝ።

«በል ነጋዴው፣ የቱን ትቆርጣለህ?»

ወፍራሙን፣ ከመሬት እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የወጣውን አሳየኋቸው። ስንት ጠረጴዛ እንደሚወጣው በሆዴ ቆጥሬ ጨርሻለሁ።

«ለምን እሱን?»

«ያወጣላ!»

«በሬህን አርደህ በምን ልታርስ ነው?» አሉና ጥለውኝ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስከተላቸው ከረምኩ፤ በሕይወቴ ያለ ምንም ትርፍ ሰው የተከተልኩት ያኔ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ዛፍን ከግንዱ አይጀምሩም። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው መጀመሪያ አናቱን ነው የሚያዩት። ፀሐይ ይደርሰዋል ወይስ ጎረቤቱ ጋርዶታል? ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሏል ወይስ ሰማይ ያሳያል? ከዚያ ዙሪያውን አንድ ዙር ሙሉ ይዞሩታል። «በአንድ ጎኑ ያየኸውን ሰው ምስክር አትሁንለት» ይሉ ነበር። ቁስል ካዩ በጥፍራቸው ይጭሩታል። ከዚያ በገጀራው ጀርባ ግንዱን ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ጤነኛው አጭርና ደረቅ ድምፅ ይመልሳል፤ ሆዱ የበሰበሰው ከበሮ ነው። እኔ ጠረጴዛ ሳንኳኳ ያደግኩ ሰው፣ ዛፍ በቁሙ እንደሚንኳኳ አላውቅም ነበር።

አይተው ሲጨርሱ ስም ይሰጡታል። ያ ቀጥ ያለው፣ እኔ በሆዴ ጠረጴዛ ያደረግሁት፣ «ወራሽ» ነው። ገና ያድጋል፤ ደኑ ነገ የእሱ ነው፤ ውሃ ቢጠፋ እንኳ የመጨረሻዋ ባልዲ የምትፈስለት ለእሱ ነው። ከአጠገቡ የቆመው፣ ጤነኛ ግን ትንሽ አነስ ያለው፣ «ተጠባባቂ» ይባላል። አናቱ የደረቀው፣ ጎረቤቱን የሚጋፋው፣ ጎበጥ ብሎ ከዚህ በላይ የማይሻሻለው ደግሞ «ተሸኚ» ነው፤ ይቆረጣል። እንግዲህ የእኔ ድርሻ ተሸኚዎቹ መሆናቸው ነው። ቅስሜ ተሰበረ ብልህ ታምነኛለህ?

አራተኛው ስም ግን አልገባኝም ነበር። ከመኪናው መንገድ ዳር አንድ ጠማማ ሺሻም አለ፤ እንደ ታመመ ግመል ተንበርክኮ የተነሳ፣ መሃሉ የቦረቦረ። አንኳኳሁት፤ ከበሮ። «ይሄስ ያለ ክርክር ተሸኚ ነው» አልኩ በኩራት።

«እጅህን ክተት።»

ቀዳዳው ውስጥ እጄን ስከት አንድ ለስላሳ ነገር ነክቶኝ ዘልዬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ጉጉት ነበረች። አገራችን ጉጉት ምን እንደምትባል ታውቃለህ፤ ሦስት ጊዜ ወደ ግራዬ ተፋሁ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ፈሪ! ይሄ ዛፍ ባለ ጎጆ ነው። እንጨቱ ለምድጃ እንኳ አይሆንም። ግን ጉጉቷ አይጥ ትበላለች። አይጡ ቢተርፍ የውሃ ቧንቧዬን ይበላል። ቧንቧው ከተበላ አንተ የምትመኛቸው ወራሾች ይደርቃሉ። እና ማን ነው ውድ? አንተ ዛሬ ስንት ያወጣል ትላለህ፤ እኔ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ይሆናል እላለሁ። ሁለታችንም ነጋዴ ነን። የምበልጥህ መታገስ ስለምችል ነው።»

ደብተር አልነበራቸውም። የእያንዳንዱን ዛፍ ታሪክ በቃላቸው ይዘውታል፤ ይሄኛውን በለጋነቱ ግመል ነክሶታል፣ ያኛውን የአርባቡ ልጅ መኪና ሲማር ገጭቶታል። አንዳንዴ ሊፈትኑኝ ጀርባቸውን ሰጥተው «ሁለተኛው ረድፍ፣ ከፓምፑ ሰባተኛው?» ይላሉ። እመልሳለሁ፤ እሳታለሁ። ሲስቁብኝ ደግሞ ሌላ ቀን ሳልስት እመጣለሁ። ሰው ሳይ መጀመሪያ የት ጋ እንደሚረታ ነው የምፈልገው፤ ልማድ ሆኖብኝ። እሳቸውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈለግኩ። አላገኘሁም። የሚፈልጉት ነገር አልነበራቸውማ! የሚፈልጉት ነገር ሁሉ እዚያው በረድፍ ቆሟል።

ከፓምፑ አጠገብ ያሉትን ሦስት ረድፎች ለይተን በጨረስን ማግሥት የጤና ሰዎች በየእርሻው እየዞሩ ምርመራ አደረጉ። የሽማግሌው ውጤት በስልኬ መጣ፤ ተይዘዋል። እኔ አልተያዝኩም፤ ግን አብሬያቸው ስለነበርኩ ለአሥራ አራት ቀን እርሻው ውስጥ ካለችው ክፍሌ እንዳልወጣ ታዘዝኩ። እሳቸውን ወደ አቡዳቢ፣ ለብቻ ወደሚያቆዩበት ቦታ ሊወስዱ ነው። የቆራጮቹ የመንገድ ፈቃድ ደግሞ ከማግሥቱ ጀምሮ ለሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ካመለጠ በጋው ቀድሞን ይገባል።

ሽማግሌው መኪናው ውስጥ ገብተው፣ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ ከማስኩ ሥር ጮኹ፦ «ነጋዴው! እነዚያን ሦስት ረድፎች ለቆራጮቹ በደንብ ለይተህ ምልክት አድርግላቸው! አደራ!»

«አብሽሩ አባባ!» አልኩ። ወሎዬ ሆኜ ነበር እኮ።

ክፍሌን ከመዝጋቴ በፊት የነበረችኝ አንድ ሰዓት ናት። ቀለም የለኝም፤ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ፒካፔ ላይ ግን ከአል ሪም ያወረድኩት ሰማያዊ የሳሎን መጋረጃ ነበር። በቢላ ቀደድኩት። ሦስቱ ረድፎች ውስጥ የሚቆዩት አሥራ አንድ ዛፎች ናቸው፤ አምስት ወራሽ፣ አምስት ተጠባባቂ፣ አንድ ባለ ጎጆ። በአሥራ አንዱም ወገብ ላይ የመጋረጃ ቅዳጅ አሰርኩ። እያሰርኩ ደስ አለኝ። ጨርቅ የታሰረበት ዛፍ አይነካም። ይህን ማን ያስተምራል? አገራችን ውስጥ የትም ብትሄድ፣ እስላም ሁን ክርስቲያን፣ ጨርቅ የተጠመጠመበት ዛፍ ካየህ መጥረቢያህን ደብቀህ ታልፋለህ። የተከበረ ነው፤ ባለቤት አለው።

ለቆራጮቹ አለቃ፣ ለአንድ ፓኪስታናዊ ሰውዬ፣ ደወልኩ። የዕድሜ ልክ እንጨት ቆራጭ ነው።

«ምልክት አለው?» አለኝ።

«አለው።»

«ኸላስ።»

ከዚህ በላይ የተግባባ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

በማግሥቱ ጠዋት ክፍሌ ውስጥ ተጋድሜ የመጋዙን ጩኸት እሰማለሁ። ደስ ይል ነበር። ተሸኚዎቹን እያሰብኩ በሆዴ አግዳሚ ወንበር፣ የበር ጉበን እሠራለሁ። ከዚያ የመጀመሪያው ዛፍ ወደቀ። ሽማግሌው አንድ ቀን ነግረውኛል፤ ቀጭኑ ዛፍ ሲወድቅ ቅጠሉ ነው የሚሰማህ፣ ሿ ብሎ ያልቃል። ይሄ ሿ አላለም። መሬቱ ነው የጮኸው። የሻይ ብርጭቆዬ ላይ ያለው ሻይ ክብ ክብ እየሠራ ተንቀጠቀጠ። ትልቅ ነገር ይሆናል፣ ተሸኚም ወፍራም አይጠፋም፣ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሁለተኛው ወደቀ። ሦስተኛው። በመስኮቱ ሽታው ገባ፤ ያ ሽታ፣ ከወፍራም ሺሻም ግንድ መሃል የሚወጣው ሽታ። ያኔ ገባኝ።

ትእዛዙን ጥሼ ሮጥኩ። ባዶ እግሬን ነበርኩ፤ አሸዋው አቃጥሎኛል፣ የተሰማኝ ግን ማታ ነው። ከሩቅ እጄን እያወናጨፍኩ «አቁም! አቁም!» እያልኩ ስደርስ አምስት ዛፍ ወድቋል። ከትልልቁ ነበር የጀመሩት። ከአምስቱ ወራሾች አራቱ፣ መጋረጃቸውን እንደታጠቁ፣ አሸዋው ላይ ተጋድመዋል። አምስተኛው ጠማማው ነበር፤ የመኪናውን መንገድ ይዘጋብናል ብለው አስቀድመውታል። ጉጉቷ የለችም።

የቆራጮቹ አለቃ መጋዙን አጥፍቶ ግራ ገብቶት ያየኛል። «ምልክት አለው አልከኝ፤ ምልክት ያለውን ቆረጥኩ!» እውነቱን ነው። በእሱ ዓለም ምልክት የሚደረገው የሚቆረጠው ላይ ነው፤ የሚቆየው ላይማ ማን ጊዜ ያባክናል?

አርባቡ ከሰዓት በኋላ መጣ። ከመኪናው አልወረደም። የወደቁትን አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ እኔን አየ። ከአባቱ ጋር የተከላቸው ነበሩ።

«ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ።»

«የተቆረጠው የማን ነው?»

በውላችን የተቆረጠው የእኔ ነው። ለእንጨት ነጋዴ ከዚያ ደን ውስጥ አራት ዛፍ ምረጥ ቢሉት የሚመርጠው እነዚያን አራቱን ነው። እኔ ራሴ፣ ለምን እንዳሰርኩት ባላውቅ፣ አላምነኝም ነበር። ስለ አገራችን ልማድ፣ ስለ ጨርቁ፣ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ይበልጥ ሌባ መሰልኩ። «ሀራሚ» አለ ቀስ ብሎ፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። መታወቂያዬን በመስኮቱ ተቀበለኝ። «ሽማግሌው ይመለሱና ይዩ። ሌባ ነው ካሉ ወደ ፖሊስ፣ ከዚያ ወደ አገርህ።»

የቀሩትን ቀናት ክፍሌ ውስጥ ቆጠርኩ። እስር ቤቱን ወይም አውሮፕላኑን አይደለም የፈራሁት፤ ማለቴ ፈርቻለሁ፣ ግን ከዚያ የባሰው ሌላ ነበር። ሽማግሌው በበሩ ሲገቡና ያንን ባዶ ቦታ ሲያዩት ፊታቸው ምን ይሆን የሚለው። በስልክ አልነገርኳቸውም። ኦክሲጅን ላይ ናቸው ብለውኝ ነበር።

መጡ። ሽርጣቸው የሌላ ሰው ይመስል ሰፍቷቸዋል፤ በዱላ ነው የሚሄዱት። አርባቡም በዚያው ሰዓት መጥቶ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪናው ወረደ።  ሽማግሌው ወደ መጀመሪያው ጉቶ ሄደው ዞሩት፤ ቆሞ እንደነበረበት ጊዜ አንድ ዙር ሙሉ። በመዳፋቸው ዳሰሱት። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ወደ ሦስተኛው። እኔ ራቅ ብዬ ከኋላ እከተላለሁ፤ ትንፋሻቸው ሲያፏጭ ይሰማኛል። አራተኛው ጉቶ ላይ ትንሽ ተቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ወደ መኪናው መንገድ ሲሄዱ የጠማማውን ጉቶ አዩ።

ቆሙ። ከወደቀው ግንድ ላይ ሰማያዊውን ቅዳጅ በዱላቸው ጫፍ አነሡት።

«ይሄንንም አንተ ነህ ያሰርከው?»

«አዎ አባባ።»

ወደ አርባቡ ዞረው በዐረብኛ ተናገሩ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ይህ ልጅ ነጋዴ ነው፤ ሌባም ሊሆን ይችላል። ደደብ ሌባ ግን አይደለም። ይህ ጠማማ ለምድጃ እንኳ አይሆንም፤ ሌባ ይህን አያስቆርጥም። ይህን ያሰረው ለማዳን ነው። ይህን ለማዳን ካሰረ፣ ሁሉንም ለማዳን ነው ያሰረው።»

አርባቡ ጉቶውን ረጅም ጊዜ አየው። ጢሙን ነካካ። ከኪሱ መታወቂያዬን አውጥቶ እንደ ቆሻሻ ሳይሆን በቀኝ እጁ ሰጠኝና መኪናው ውስጥ ገባ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም ይቅርታ የሚገባኝ አልመሰለኝም።

ብቻችንን ስንቀር ሽማግሌው ተቆጡ። ያን ያህል ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። «ጨርቅ? ጨርቅ ታስራለህ? በማን አገር ያለህ መስሎህ ነው? እነዚያ አራቱ የሠላሳ ዓመት ነበሩ እኮ! የሠላሳ ዓመት!» እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። ከዚያ ቀና ስል ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው።

«እኔም ብሆን» አሉ ሳላቸው እያቋረጣቸው፣ «ወላሂ እኔም ብሆን ጨርቅ ነበር የማስረው።»

ከዚያ ዱላቸውን ወደ ረድፉ ዘረጉ። ከወደቁት አጠገብ የነበሩት ተጠባባቂዎች ቆመዋል፤ በአራቱ ክፍተት የገባው ፀሐይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአናታቸው እስከ ወገባቸው ወርዶባቸዋል።

«ተጠባባቂ ለምን ያልኳቸው ይመስልሃል? ዛፍ ስለሚሞት ብቻ መስሎህ ነበር? ሰው ስለሚሳሳት ነው። በል ብሩሹን ያዝ፤ ቀለም ይዤ መጥቻለሁ። የቀረውን ደን አንተ ትለያለህ። እኔ ከኋላህ ነኝ።»

ከኋላዬ ነበሩ። አናቱን አያለሁ፣ እዞራለሁ፣ አንኳኳለሁ፣ ስሙን እናገራለሁ። ስሳሳት ዱላቸው አሸዋውን አንዴ መታ ያደርጋል፤ እንደገና እዞራለሁ። በመጀመሪያው ቀን ዱላው አላረፈም። በአምስተኛው ቀን አንድ ረድፍ ሙሉ ዝም አለ። የዚያን ቀን ዝምታ በዲግሪ የምለውጠው አይደለሁም።

የወደቁትን አራቱን አልሸጥኳቸውም ብልህ ደስ ይልህ ነበር። ሸጥኳቸው። ነጋዴ ነኝ። ገንዘቡን ግን አዲስ የጠብታ ቧንቧ ገዝቼበት በቀሩት ዛፎች ሥር በእጄ ዘረጋሁት፤ ያን በጋ አንድም ተጠባባቂ አልደረቀም።

ሰማዩ ተከፍቶ አውሮፕላን ሲመለስ ሽማግሌው ወደ ወሎ ገቡ። ሳንባቸው ያንን ሙቀት እንደ ድሮው አልቻለውም። እኔ አቡዳቢ ተመልሼ ይቺን ሱቅ ከፈትኩ። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲበርድ አርባቡ ይደውልልኛል፤ እሄድና ደኑን እለይለታለሁ። አሁን ዛፍ የሚመርጥለት ማን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀው «የሐበሻው ሽማግሌ» ይላል። አላርመውም።

ባለፈው ዓመት ደኑ መሃል ቆሜ በምስል ደወልኩላቸው። ኔትወርኩ ፊታቸውን እየቆራረጠ ጺማቸውን አንድ ቦታ፣ ዐይናቸውን ሌላ ቦታ ያደርገዋል።

«ምስሉ ይቅር» አሉ። «በአፍህ ንገረኝ።»

በአፌ! እኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዕቃውን አሳየን እንጂ ንገረን ብሎኝ አያውቅም።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ረድፍ በረድፍ ሄድኩ። የእያንዳንዱን አናት፣ ጎን፣ ቁስል እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው «እህ» ይላሉ፣ ስሙን ያወጡለታል፣ እቀጥላለሁ። ሁለተኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እዚያ ያለችው ሺሻም ገና ሕመሙ ሳይለቃቸው በባልዲ ውሃ የሚሸከሙላት፣ ቱቦው አይደርስላትም እያሉ የሚጨነቁላት ነበረች። ከአናቷ ጀምሮ ደርቃለች። ባልፋትስ? ባሕር ማዶ ያለ ሰው ምን ያውቃል?

«የመጨረሻዋስ?» አሉ። አልረሷትም።

«ደርቃለች አባባ።»

«ከአናቷ?»

«ከአናቷ።»

«እስቲ አንኳኳት።»

ስልኩን ግንዱ ላይ አስጠግቼ በገጀራው ጀርባ መታሁ። ከበሮ ነበር። ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስመልሰው ትንፋሻቸው ብቻ ነው የሚሰማው፤ ሩቅ፣ እንደ ያኔው የሚያፏጭ። 

«በል አንሣት» አሉ በመጨረሻ። «ጎረቤቷ ይጠጣ።»

«እሺ።»

«ቀጥል።»

ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞሬ ቀጠልኩ። ድምፄ ግን ልክ አልነበረም፤ እሳቸውም ያወቁብኝ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ አናቱን ብቻ እየጠየቁ፣ ዙሪያውንም ቁስሉንም ሳያስቆጥሩኝ፣ «እህ፣ ይሄም ደህና ነው፤ ይሄም ደህና ነው» እያሉ ቀስ ብለው እስከ ረድፉ ጫፍ አሳለፉኝ።